«ለሩጫው ቀን ብቻ»

ኅዳር ሲገባ በአዲስ አበባ መድኃኒት ቤቶች ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ አለ። ወጣቱም ጎልማሳውም ባንኮኒው ጋ ቆሞ፣ ጉልበቱን ወይም ባቱን እያሻሸ፣ «ለሩጫው ቀን ብቻ የሚያቆይልኝ ነገር ስጪኝ» ይላል። የሕመም ማስታገሻው ዲክሎፌናክ ይሰጠዋል። መርፌው ይሻለኛል የሚልም አለ። የት እንዳመመውና ከመቼ ጀምሮ እንዳመመው የሚጠይቅ ባለሙያ አይጠፋም፤ ሰልፉ ሲረዝም ግን ጠያቂው ይቀንሳል። እሑድ ጠዋት እነዚያ እግሮች በታላቁ ሩጫ ከ40 ሺህ በሚበልጥ ሕዝብ መሐል 10 ኪሎ ሜትር አስፋልት ይረግጣሉ።

ታላቁ ሩጫ ከኅዳር 1994 ዓ.ም. ጀምሮ ለከተማችን ያመጣውን ደስታ የሚተካ ነገር አላውቅም። የሚያሳስበኝ ከሩጫው በፊት ባሉት ሳምንታት በገዛ ሰውነታችን ላይ የምንሠራው ሥራ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከወንበር ሳይነሳ የከረመ ሰው የሩጫውን ካናቴራ በገዛ ማግስት፣ ሶሉ ባለቀ ሳልቫጅ ጫማ፣ በየቀኑ አስፋልት ላይ መሮጥ ይጀምራል። ትንፋሽ ቶሎ ይለምዳል፤ በሁለት ሦስት ሳምንት ለውጡ ይታወቃል። ጅማትና አጥንት ግን ለመጠንከር ወራት ይፈልጋሉ። ሰውየው ትንፋሹ ስላገዘው እግሩም የበረታ ይመስለውና ርቀት ይጨምራል። ቅልጥሙ ወይም የተረከዙ ጅማት መታመም የሚጀምረው ይኼኔ ነው።

ሕመም ሁሉ አንድ አይደለም። ሰውነት ሲሞቅ የሚለቅ፣ በማግስቱም ያልባሰ ሕመም ልምምድ በመቀነስ፣ ጥቂት ቀን በእግር በመሄድ ወይም ብስክሌት በመንዳት ሊታለፍ ይችላል። ሁለት ሳምንት ቀለል አድርጎ የሠራ ሰው ብዙም አቅም አያጣም። የሚያስነክስ፣ በሮጡ ቁጥር የሚብስ፣ አጥንቱን በአንድ ጣት ሲጫኑት ቦታው ለይቶ የሚታወቅ፣ ተኝተውም የሚጠዘጥዝ ሕመም ግን ሌላ ነው። በተደጋጋሚ ጫና የመጣ የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራጅ እንኳ ላያሳየው ይችላል። ማስታገሻ ስንጥቁን አይጠግንም፤ ሕመሙን ብቻ ይደብቃል። ሕመሙ የተደበቀበት ሯጭ ደግሞ መሮጡን አያቆምምና ስንጥቁ ወደ ስብራት ሊደርስ ይችላል። ስድስት፣ ስምንት ሳምንት እረፍት ይበቃው የነበረ ጉዳት ብዙ ወራት ይወስዳል። በዚያ ላይ ላብ ባፈሰሰና ውሃ ባጣ ሰውነት ላይ እንደ ዲክሎፌናክ ያለው ማስታገሻ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል።

ወጌሻ ዘንድ መሄድም የተለመደ ነው። ውልምታን በእጃቸው ዳስሰው የሚለዩ ወጌሾች አሉ፤ ሙያቸውን አከብራለሁ። የተሰነጠቀ አጥንት ግን መታሸት የለበትም።

ይህን ስል የሚመጣልኝ መልስ «ኃይሌስ?» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ የተረከዙ ጅማት እያመመው 10 ሺህ ሜትሩን ሮጦ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ቀደመው። ከዚያ በኋላ በጅማቱ ላይ ቀዶ ሕክምና እንደተደረገለትና በዓመቱ በኤድመንተኑ የዓለም ሻምፒዮና ሦስተኛ እንደወጣ ግን አንናገርም። ያ ለኦሊምፒክ ወርቅ የተከፈለ ዋጋ ነው።

ከአበበ ቢቂላ ታሪክም የምንወደውን መርጠን ነው የምናወራው። እ.ኤ.አ. በ1964 ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን እንዳሸነፈ ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። ከአራት ዓመት በኋላ ሜክሲኮ ላይ በእግሩ ጉዳት ምክንያት 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ውድድሩን ማቋረጡን ግን ቶሎ እናልፈዋለን። የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ ቀጠለ፤ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ገብቶ የማራቶኑ ወርቅ ለሦስተኛ ተከታታይ ጊዜ የኢትዮጵያ ሆነ። አበበ ያቋረጠበት ቀንም ከሮምና ከቶኪዮ ድሎቹ እኩል ለልጆቻችን ሊነገር ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2020 ከኬንያዊው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ ጋር በለንደን ማራቶን ሊገናኝ ዓለም ሲጠብቅ፣ ሁለት ቀን ሲቀረው በባቱ ጉዳት ምክንያት ራሱን አገለለ። ያኔ «ፈራ» ያሉ ነበሩ። ያ እግር እ.ኤ.አ. በ2024፣ ቀነኒሳ 41 ዓመት ሆኖት፣ እዚያው ለንደን ላይ 2:04:15 ሮጦ ሁለተኛ ወጣ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝኑኝ ከገጠር መጥተው ሱሉልታና ለገጣፎ ቤት ተከራይተው ለክለብ ምርጫ የሚዘጋጁ ልጆች ናቸው። በአንድ ክፍል ሦስት አራት ሆነው ይኖራሉ፤ ሌሊት ተነስተው ይሮጣሉ። ጉዳታቸውን ከአሰልጣኝ ይደብቃሉ፤ መጎዳቱ የታወቀ ልጅ ከዝርዝሩ እወጣለሁ ብሎ ይፈራልና። የቤት ኪራይ አለ፤ ገንዘብ ይልካል ብሎ የሚጠብቅ ቤተሰብ አለ፤ ለአንድ የኤምአርአይ ምርመራ የሚሆን ብር ግን የለም። ስለዚህ ማስታገሻ ውጠው ይሮጣሉ። አንዳንዱ ያልፍለታል። ብዙው በ20 ዓመቱ እያነከሰ ወደ ቀዬው ይመለሳል፤ ስሙም በየትኛውም መዝገብ የለም። እነዚህን ልጆች ጽናት አነሳችሁ ማለት ግፍ ነው። ጽናቱ ተርፏቸዋል፤ ያጡት እረፍት የሚፈቅድላቸው ሰው ነው።

የተጎዳ ልጅ እስኪድን ቦታውና ደመወዙ እንደሚጠበቅለት በውሉ ላይ የሚጽፍ ክለብ ቢኖር፣ ጉዳቱን የሚደብቅ ልጅ ይቀንሳል። ይህ ከክለቦችና ከፌዴሬሽኑ ይጠበቃል። መድኃኒት ቤት ያላችሁም፣ ሰልፉ ቢረዝምም፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምህ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንተም አንቺም በዚህ ሳምንት እያነከሳችሁ ከሆነ ማስታገሻውን ተዉትና ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ እሑድ ጠዋት መንገድ ዳር ቆማችሁ ለሚሮጡት አጨብጭቡ።