ሽቦው ወደ ላይም ይናገር

በአገራችን ሥልጣኔ ሲገባ የለመደው አንድ መንገድ አለ፤ ይኸውም ከላይ ወደ ታች መውረድ ነው። በ1880ዎቹ ዓ.ም. ማለቂያ ግድም በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር መዘርጋት ተጀመረ። የሥራውን ታላቅነት የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ በዚያ ሽቦ ላይ ይመላለስ የነበረው በዋናው የቤተ መንግሥትና የአገረ ገዥ ቃል ነበር። ባላገሩ አቤቱታ ባለው ጊዜ እንደ ጥንቱ ስንቁን ቋጥሮ በእግሩ ይመጣ ነበር።

እንግዲህ ዛሬ ለገጠር ወረዳና ቀበሌ ኮምፒዩተርና ፈጣን ኢንተርኔት ይግባ ሲባል፣ ልንጠይቀው የሚገባን ጥያቄ ይኸው ነው፤ ሽቦው የማንን ቃል ሊያደርስ ነው?

በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ መንግሥት «ወረዳ ኔት» የተባለውን ሥራ ጀመረ። ዓላማው ከ500 በላይ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን፣ አብዛኛዎቹን በሳተላይት፣ ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር ማገናኘት ነበር። ሥራው ይበልጥ የታወቀው በቪዲዮ ስብሰባው ነው። ሚኒስትሩ ከአዲስ አበባ ይናገራሉ፤ የወረዳው ሹማምንት ማስታወሻቸውን ይዘው ያዳምጣሉ። ነዳጅና አበል እንደሚተርፍ አይካድም፤ ጥቅም ነው። ነገር ግን ከግድግዳው ማዶ በረንዳ ላይ የተቀመጠው ገበሬ ከዚህ ምን አተረፈ? «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚል መልስ ብቻ!

የእኔ አሳብ አጭር ነው። የዚህ ሥራ ሚዛን የታደለው የኮምፒዩተር ቍጥር ወይም የተዘረጋው መስመር ርዝመት መሆን የለበትም። ሚዛኑ ለባላገሩ ስንት ቀን መንገድ ተረፈለት የሚለው ነው።

ይህ ሕልም አለመሆኑን ከሕንድ አገር እንማራለን። በካርናታካ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2001 ግድም «ቡሚ» የተባለ ሥራ ሲቋቋም፣ የ6.7 ሚሊዮን ባለይዞታዎች 20 ሚሊዮን ያህል የመሬት መዝገብ ከመንደር ጸሐፊዎች እጅ ወጥቶ ኮምፒዩተር ውስጥ ገባ። ቀድሞ ገበሬው የገዛ መሬቱን ማስረጃ ለማግኘት ጸሐፊውን ደጅ ይጠና፣ እጅ መንሻም ይከፍል ነበር። ከዚያ በኋላ ግን በመስኮት ቀርቦ የታወቀውን 15 ሩፒ ከፍሎ የታተመ ወረቀቱን ይወስድ ጀመር። ያችው ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2011 250,000 ያህል የመንደር ምክር ቤቶችን በኦፕቲካል ፋይበር ለማገናኘት ወሰነች። ሥራው ከቀጠሮው በብዙ ዓመት ዘገየ፤ መስመሩ ደርሶላቸው አገልግሎት ያላገኙም መንደሮች ነበሩ። ልዩነቱ ግልጽ ነው። የፊተኛው ሥራ ገበሬው ከሚፈልገው ወረቀት ተነሣ፤ የኋለኛው ግን ከሽቦው ተነሣ።

በእኛም አገር የሚፈለገው ወረቀት የታወቀ ነው። የገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ፣ ቀጥሎም በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ለሚሊዮኖች ታድሏል። ዛሬ ደግሞ ካርታውንና መዝገቡን በወረዳ ኮምፒዩተር ማስቀመጥ ተጀምሯል። ነገር ግን መዝገብ ካልታደሰ ይሞታል። ሰው ይሞታል፤ ልጅ ይወርሳል፤ ባልና ሚስት ይፋታሉ። ልደትና ሞት ከ2008 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ በቀበሌ እንዲመዘገብ በሕግ ተደርጓል። ታዲያ የባልዋን ሞት በቀበሌ ያስመዘገበች ሴት መሬቱን ወደ ስምዋ ለማዞር ስለ ምን እንደገና ወደ ወረዳ ከተማ ትመላለሳለች? ሁለቱ መዝገቦች ስለማይተዋወቁ ነው። መስመሩ መጀመሪያ ሊያገናኝ የሚገባው እነዚህን መዝገቦች ነው።

አንዳንድ ወንድሞች «እንጀራ ላጣ ሕዝብ ኮምፒዩተር ምን ይሠራለታል? ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ መብራት እንኳ የለውም» ይሉ ይሆናል። ክርክራቸው እውነት አለው። ሆኖም መሬቱን በወረቀት ጉድለት የተነጠቀ ሰው እንጀራውን ከወዴት ያገኛል? ከዚህ የሚከብደው ሥጋት ሌላ ነው። የዱሮው «ነገ ና» ዛሬ «ሲስተም የለም» የሚል አዲስ ስም አግኝቷል። ከዚህም በላይ መስመሩ በአንድ ትእዛዝ ሊቆረጥ ይችላል። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ በመላው አገር፣ በ2013 ዓ.ም. በትግራይ፣ በ2015 ዓ.ም. ማለቂያ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደ ነበር አንረሳም።

ስለዚህ ጥያቄያችን ይህ ነው። አንደኛ፣ ኮምፒዩተር ወደ ቀበሌ ሲሄድ የፀሐይ ኃይል መብራቱ፣ የጥገናው በጀትና የሠለጠነው ሰው አብረው ይሂዱ፤ ያለዚያ ዕቃው የአቧራ መከማቻ ይሆናል። ሁለተኛ፣ የወረቀቱ መዝገብ አይጣል፤ መስመር ተቋረጠ ተብሎም ማንም ባለጉዳይ ባዶ እጁን አይመለስ። ሦስተኛ፣ የየአገልግሎቱ ዋጋና የመልሱ ቀን፣ እንዲሁም የወረዳው በጀት፣ በአካባቢው ቋንቋ ታትሞ በበሩ ላይ ይለጠፍ። አራተኛ፣ በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው «መሶብ» የአንድ ማዕከል አገልግሎት ለከተሜው የሰጠው ምቾት ለገጠሩ ቀበሌም ይታሰብ።

ለእኛ ለተማሪዎችስ? ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት እየወጡ አብዛኛዎቹ ያስተምሩ ነበር። እኛም የኮምፒዩተር ትምህርት የምንማር ሁሉ ክረምታችንን በአንድ ወረዳ መዝገብ ቤት ብናሳልፍ፣ ጸሐፊውን ብናሠለጥን፣ የተበላሸውን ብንጠግን ምን ይቀርብናል? ማኅበራችን ይህን አሳብ በሚመጣው ስብሰባ እንዲነጋገርበት እጠይቃለሁ።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የተባለው ቃል ወደ ታች ብቻ በሚወርድበት ዘመን ነው። ባላገሩ ግብር ከፍሎ ያሠራው ሽቦ የባላገሩንም ቃል ይዞ ይውጣ!