የሚጠራ መኪና፣ የማይጠራበት አገር

በአዲስ አበባ ታክሲን በስልክ መጥራት አዲስ ነገር መሆኑ ካበቃ ሰንብቷል። ራይድ በ8294 ቁጥሩ፣ ዛይራይድና ፈረስም በየመተግበሪያቸው፣ ከሰማያዊዋ ላዳ ጋር እናደርገው የነበረውን የዋጋ ክርክር ለብዙዎቻችን አስቀርተዋል። አምሽታ ከሥራ ለምትወጣ ሴት ደግሞ ነገሩ ከዋጋም በላይ ነው። ይህን መካድ ንፉግነት ይሆናል።

ይሁንና ደንበኛን ማገልገልና ከተማን ማገልገል የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቀላል ባቡሩ ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ በራሱ ሐዲድ፣ አውቶቡሱ በራሱ መስመር፣ ተጠሪው ታክሲም በራሱ ሥሌት ይሄዳሉ። ከባቡር ጣቢያ እስከ ሰፈር ያለችውን የመጨረሻ መንገድ ግን አንዳቸውም የእኔ ድርሻ ናት አይሉም። ለታክሲው የሚከፍል አቅም የሌለው ሰው አሁንም የሚኒባስ ሠልፍ ላይ ነው።

ሄልሲንኪ ይህን ለማቀናጀት ሞክራ ነበር። «ኩትሱፕሉስ» የተባለው አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2012 ተጀምሮ በ15 ሚኒባሶች ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ጠሪዎችን በአንድ መኪና ያጓጉዝ ነበር፤ ዋጋው ከአውቶቡስ በላይ፣ ከታክሲ በታች። በ2015 መጨረሻ ተዘጋ። ተሳፋሪ አላጣም። በ15 መኪና ጠሪዎችን በሚገባ ማጣመር ስለማይቻል ድጎማው ከበደ፤ ለማስፋፋት የሚያስፈልገውን ገንዘብም ማዘጋጃ ቤቶቹ ሊያወጡ አልፈለጉም።

ወደ ገጠር ስንሻገር ችግሩ ይብሳል። የከተማ ታክሲ ተሳፋሪውን ባወረደበት አካባቢ ሌላ ጠሪ ያገኛል። ከወረዳ ከተማ ወደ ቀበሌ የወጣ ባጃጅ ግን ባዶውን ይመለሳል፤ ስለዚህ የደርሶ መልስ ያስከፍላል፣ ወይም ጭራሹኑ አልሄድም ይላል። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ብዙ ቀበሌዎች ጥርጊያ አግኝተዋል። በገበያ ቀን አይሱዙው ሰውንም እህሉንም ጭኖ ይመላለስበታል። ምጥ ግን የገበያ ቀን አይጠብቅም፤ የወረዳው አምቡላንስ ሌላ ዘንድ ከሄደ ወይም ነዳጅ ካጣ የሚቀረው ቃሬዛ ነው።

በፊንላንድ ገጠር ታካሚ ወደ ሆስፒታል የሚሄድበትን ታክሲ በስልክ ያዛል፤ ተመሳሳይ መንገድ ያላቸው ይጣመራሉ፤ ታካሚው የተወሰነውን ከፍሎ ቀሪውን «ኬላ» የተባለው የማኅበራዊ መድን ተቋም ይሸፍናል። (ስሙ ከእኛ ኬላ ጋር ቢገጥምም ይኼኛው መንገደኛ አያስቆምም!) ሀብታም አገር ነው መባሉ አይቀርም። ነገር ግን በሥርዓቱ ውስጥ ውድ መሣሪያ የለም፤ ተራ የስልክ ጥሪና ባዶ ለሚመለሰው መኪና የሚከፍል አካል ነው ያለው።

እኛም ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አለን። ገበሬው በየዓመቱ ያዋጣል፤ መድኑም የሕክምናውን ወጪ ይሸፍንለታል፤ ጤና ጣቢያው ደጃፍ ያደረሰችው የባጃጅ ሒሳብ ግን የቤተሰቡ ዕዳ ናት። ቢያንስ ለወላዶች፣ በጥቂት ወረዳዎች፣ ይህችን ሒሳብ መድኑ ቢከፍላት ምን ያህል ብር ይጠይቃል? የሚመለከታቸው ቁጭ ብለው ያስሉት።