በደጋ አገር አውቶሞቢል ስለ መምረጥ

በደብረ ብርሃን የሚኖሩ አንድ ወዳጄ ከልጃቸው ጋራ የተከራከሩበትን ነገር አጫወቱኝ። ልጁ ሥራ ከያዘ ወዲህ ያጠራቀመው ገንዘብ አለ፤ የጎደለውንም አባቱ ሊሞሉለት ቃል ገብተዋል። ክርክሩ በምርጫው ላይ ነው። ለሽያጭ የቀረቡት ሁለቱም ያገለገሉ፥ የኋላ መዝጊያቸው ወደ ላይ የሚከፈት አጫጭር አውቶሞቢሎች ናቸው። አንደኛው ባለ 1.5 ሊትር ቶዮታ ቪትዝ «አር ኤስ»፥ ሁለተኛው ባለ 2 ሊትርና ባለ ቱርቦ ቮልስዋገን ጎልፍ «ጂ ቲ አይ» ነው። የልጁ አሳብ ጎልፉን ገዝቶ የሞተሩን ኃይል ደግሞ ለማስጨመር ነው፤ አባት ግን ቪትዙን ይላሉ።

ነገሩ በቀላል የሚታይ አይደለም። ቤንዚንና ናፍጣ የሚጠቀሙ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉን መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ፥ እንዲህ ያለውን መኪና የሚሻ ሰው የሚመርጠው በአገር ውስጥ ካሉት መካከል ነው፤ ተሳስቶ የገዛም እንደ ልቡ ሊለውጥ አይችልም።

አስቀድሜ ስለ አየሩ ልናገር። ፋብሪካ በወረቀት የሚጽፈው የፈረስ ጉልበት በዝቅተኛ አገር አየር የሚታሰብ ነው። ደብረ ብርሃን ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለ ሆነች፥ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል። ሞተር ቤንዚኑን የሚያነድደው በአየር ነውና፥ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከኃይሉ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ 110 ፈረስ ያህል የተጻፈለት ቪትዝ በደብረ ብርሃን 83 ያህል ይቀረዋል። ጭስ ማውጫውን ቢለውጡለት፥ የአየር ማጣሪያውን ቢያሰፉለት የሚመለሰው ከጥቂት ፈረስ አይበልጥም፤ ድምፁ ግን ሰፈሩን እንቅልፍ ይነሣል።

ቱርቦ ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ግፊት እየተሽከረከረ አየሩን አምቆ ወደ ሲሊንደር የሚያስገባ መሣሪያ ነው፤ ስለዚህ የሳሳውን አየር ጉድለት አብዛኛውን ይሞላል። የሞተሩን ኮምፒውተር በማስነካት ግፊቱን ከፋብሪካው ልክ በላይ ማድረግም ይቻላል። በዚህ ረገድ ልጁ እውነት አለው፤ ይህንኑ ለአባቱ ብነግራቸው ፊታቸውን አጠቆሩብኝ።

ነገር ግን ፋብሪካው ለዚህ ሞተር ከፍ ያለ ኦክቴን ያለው ቤንዚን ያዝዛል፤ በየማደያችን ኦክቴን እየመረጠ የሚቀዳ ባለ መኪና ደግሞ የለም። ግፊቱ በተጨመረ ጊዜ ደካማው ቤንዚን ያለ ጊዜው ይነድና ፒስተኑን እንደ መዶሻ ይመታዋል።

ሻጮቹን አስፈቅደን ቅዳሜ ዕለት በሁለቱም 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዘን ወደ አንኮበር ወረድን። (ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ለዳግማዊ ምኒልክ ሲያመጣ ከተማው አዲስ አበባ ሆኖ ነበር፤ አንኮበር ቢሆን ኖሮ ያን ዳገት በምን ያወጣው ይሆን?) ስንመለስ ጎልፉ ዳገቱን ሣቅ እያለ ወጣው፤ ቪትዙ በሁለተኛ ማርሽ እያጓራ ተከተለ። በቁልቁለቱ ግን የጎልፉ የፍሬን ሸራ አልቆ ኖሮ ሽታው አፍንጫችንን ሞልቶት ነበር።

በማግሥቱ መካኒኩ የየሲሊንደሩን ኮምፕሬሽን ሲለካ የጎልፉ አንዱ ሲሊንደር ከሦስቱ ጓደኞቹ እጅግ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ሻጩም ቢጠየቅ ኮምፒውተሩን ከሁለት ዓመት በፊት ማስነካቱን አመነ። ልጁ ሊገዛው የተመኘውን ኃይል ሌላ ሰው አስቀድሞ በልቶታል ማለት ነው። ጤነኛ ጎልፍ ቢሆን ኖሮ ፍርዴን በዚህ ፍጥነት ባልሰጠሁም ነበር፤ ሆኖም ለቪትዝ መለዋወጫና የሚያውቀው መካኒክ በየከተማው መገኘቱ፥ ሊሸጡት ሲወጡም ገዢ አለማጣቱ ቀላል ነገር አይደለም። እንዲህ ያለ ሞተር የሚገዛ ሁሉ ሞተሩ ሳይሞቅ ጧት ያስነሣው፤ ሰማያዊ ጭስ ካየ ዘይት እየነደደ ነው፤ ልኬቱንም ሻጩ ባመጣው መካኒክ አያስደርግ።

እናትዮዋ እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው ይሰሙ ነበር። በመጨረሻ «ለመሆኑ ቁልቁለቱን ስትወርድ የምትቆመው የትኛዋ ናት?» ብለው ጠየቁ።

ቪትዙ ተገዛ፤ ከዋጋው የተረፈውም ለጎማና ለአዲስ የፍሬን ሸራ ዋለ። ልጁ እናቱን አንኮበር አድርሶ ሲመልስ፥ ዳገቱ ላይ ሁለተኛ ማርሽ ያስገባና አንድ ቃል ሳይናገር እንደሚነዳ ወዳጄ ነገሩኝ።