የሚጥል በሽታ ያለበት ተማሪ ከትምህርት አይቅር

በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ በነጆም ሆነ በደምቢ ዶሎ፣ አንድ ልጅ ክፍል ውስጥ ወድቆ ሲንፈራገጥ የሚሆነውን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ጓደኞቹ ይሸሻሉ፤ አንዱ ክብሪት ጭሮ ጢሱን ወደ አፍንጫው ያስጠጋል፤ አረፋው የነካው ሰው ይያዛል ስለሚባል ደፍሮ የሚያነሣው አይገኝም። በማግሥቱ ልጁ ከትምህርት ቤት ይቀራል፤ አንዳንዱም እንደ ወጣ ይቀራል። ወላጅ ያፍራል፤ መምህሩም ስሙን ከመዝገብ ሰርዞ ዝም ይላል።

የሚጥል በሽታ የአንጎል ሕመም ነው እንጂ በአረፋም ሆነ በትንፋሽ አይተላለፍም። መድኃኒቱም አዲስ አይደለም፤ ፌኖባርቢታል የሚባለው ክኒን ለዚሁ ሕመም መዋል ከጀመረ (እ.ኤ.አ. 1912) ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በሚገባ ቢታከሙ ከሕሙማኑ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሳይወድቁ ሊኖሩ ይችላሉ፤ የመድኃኒቱም ዋጋ በዓመት እስከ 5 ዶላር ድረስ ሊወርድ ይችላል። በድኻ አገሮች ግን ከአራቱ ሦስቱ ሕክምናውን አያገኙም።

በአገራችንም ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1970ዎቹ መጨረሻ (ዓ.ም.) በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ዞረው 60,000 ያህል ሕዝብ ቢመረምሩ፣ ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ ይህ ሕመም ያለበት ሆኖ ተገኘ፤ ከእነዚህም በዘመናዊ መድኃኒት ይታከሙ የነበሩት ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም ነበር። ምድጃ ላይ ወድቀው የተቃጠሉም ነበሩባቸው። በየቤቱ ምድጃ አጠገብ የሚውሉት እነማን እንደሆኑ ለእኅቶቻችን አንነግራቸውም። ይህ ልክ ለእኛም ቢሠራ፣ 10,000 ተማሪ ባለበት ግቢ 50 ሰው ማለት ነው። ሃምሳዎቹን ታውቋቸዋላችሁን? አታውቋቸውም፤ ተደብቀዋልና።

ትልቁ ችግር ክኒኑን ማግኘት ብቻ ሳይሆን አለማቋረጡ ነው። መድኃኒቱ በየቀኑ መዋጥ አለበት፤ በድንገት የተቋረጠ እንደሆነ ከበፊቱ የባሰ፣ አንዳንዴም የሚገድል መውደቅ ያመጣል። ከጊምቢ እስከ ነቀምቴ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለአንድ ወር ክኒን ይህን መንገድ መመላለስ ለገበሬ ልጅ ቀላል አይደለም። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በወለጋ በደረሰው ግጭት መንገድ ሲዘጋና ጤና ጣቢያ ሲዘረፍ የተቋረጠበት ሕመምተኛ ምን እንደሆነ ማን ጠየቀ? ጸሎቱንም ሆነ ጠበሉን አንነቅፍም፤ «እምነት ካለህ ክኒኑን ጣል» የሚለውን ምክር ግን እንቃወማለን።

ሐኪም የለም ማለትም በቂ ምክንያት አይሆንም። በጎንደርና በጅማ አካባቢ ነርሶች ሠልጥነው ሕሙማኑን በየገጠሩ ጤና ጣቢያ ሲከታተሉ ታይቷል። የነርስና የጤና መኮንንነት ትምህርት የምትከታተሉ ጓደኞቻችን ይህ ሥራ የእናንተ ነው።

ከኛ ከሌሎቻችን የሚፈለገው ጥቂት ነው። የወደቀውን በጎኑ አስተኙት፤ ራሱን ከድንጋይ አርቁለት፤ በአፉ ማንኪያም ሆነ ጨርቅ አትክተቱ፤ ክብሪቱን ለሻማ አቆዩት። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት። መምህራንም ፈተና ላይ የወደቀ ተማሪ ሌላ ቀን እንዲፈተን እንዲፈቅዱለት እንለምናለን። የመኝታ ክፍል ኃላፊዎች ከተደራራቢው አልጋ የታችኛውን ያለ ብዙ ጥያቄ ይስጡት። ክሊኒኩም ለክረምት ወደ መንዲና ወደ ደምቢ ዶሎ ለሚሄዱት፣ ደርሰው እስኪመለሱ የሚበቃ ክኒን ቈጥሮ አስቀድሞ እንዲሰጣቸው እንጠይቃለን።