የደጋው ሕዝብ ሥራ አቈጣጠር

የአንድ አገር ኑሮ ጽኑ ነው ወይስ ደካማ ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ የሰብሉ ብዛትና የከብቱ ቍጥር ብቻ በቂ መልስ አይሆንም። ሕዝቡ በስንት ዓይነት ሥራ እንደሚተዳደር፤ አንዱ ሥራ በጐደለም ጊዜ ሌላው ሊደግፈው የሚችል መሆኑ አብሮ መመርመር አለበት። አባቶች «አንድ እንጨት ብቻውን አይነድም» ያሉት ለዚህም ነገር የሚስማማ ቃል ነው።

የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ይህን ጕዳይ በቍጥር ለመለካት መንገድ አበጅተዋል። ከእነዚህም አንዱ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1945 አልበርት ሂርሽማን ስለ አገሮች የውጭ ንግድ በጻፈው መጽሐፍ፤ በ1950 ደግሞ ኦሪስ ሄርፊንዳል ስለ ብረት ኢንዱስትሪ ባቀረበው ጥናት የታወቀው ስሌት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የእያንዳንዱ የሥራ ዓይነት ድርሻ በራሱ ተባዝቶ ይደመራል። ለምሳሌ ያህል ከ100 ሠራተኞች መካከል 90ው በእርሻ፣ 5ቱ በንግድ፣ 3ቱ በእጅ ሥራ፣ 2ቱ በመንግሥት ሥራ ቢገኙ ድምሩ 0.81 ይሆናል። በአምስት የሥራ ዓይነት እኩል ሃያ ሃያ ሆነው ቢከፋፈሉ ግን 0.20 ብቻ ነው። ድምሩ ወደ 1 በቀረበ ቍጥር ሕዝቡ በአንድ ሥራ ላይ ተደግፎ መኖሩን ያስረዳል።

ይህ ሚዛን ቀድሞ የመንዝና ግሼ፤ የመርሐ ቤቴም አውራጃ ይባል ወደ ነበረው የሰሜን ሸዋ ክፍል በመጣ ጊዜ ግን ጥንቃቄ ይሻል። ሚዛኑ ትክክል ቢሆንም እንኳ በላዩ የሚቀመጠው ነገር ካልተሟላ ውጤቱ እውነተኛ አይሆንምና ነው።

የመንዝ ደጋ አብዛኛው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፤ ውርጭና በረዶ የሚበዛበት አገር ነው። ገበሬው ገብስ ይዘራል፤ በግ ያረባል። ሥራው ግን በዚህ ብቻ አያበቃም። የበጉ ጠጕር ተሸልቶ ይባዘታል፤ ይፈተላል፤ ይሸመናል፤ ከዚያም ባናው፣ ዝተቱና በርኖሱ ወደ ገበያ ይወጣል። እንዲህ ሆኖ ሳለ ቈጣሪው ቤቱ ገብቶ «ዋና ሥራህ ምንድር ነው?» ብሎ በጠየቀ ጊዜ የሚጻፈው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም «ገበሬ» የሚል ነው። በሰው ፈንታ የሥራው ጊዜ ቢቈጠር ኖሮ፤ ለምሳሌ ከ100 የሥራ ቀን 60ው በእርሻና በከብት፣ 20ው በፈትልና በሽመና፣ 12ቱ በገበያ፣ 8ቱ በሌላ ሥራ ማለፉ ቢገኝ፤ ድምሩ ከ0.81 ወደ 0.42 ዝቅ ይላል። ሕዝቡ ያው ሕዝብ ነው፤ የተለወጠው ጥያቄው ብቻ ነው።

መልሱ አንድ ብቻ እንዲሆን ያደረገው የጥያቄው አጭርነት ብቻም አይደለም። የእጅ ሥራ ለረጅም ዘመን ሲናቅ ኖሯል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን መከልከላቸው ንቀቱ ምን ያህል የበረታ እንደ ነበረ ያሳያል። ነቀፋን የሚፈራ ሰው ሽመናውን ለቈጣሪ አይናገርም። የሴቶችም ፈትል እንደ ቤት ውስጥ ጕዳይ ስለሚታይ ከሥራ ሳይቈጠር ይቀራል፤ ዳሩ ግን ያለ እነርሱ እጅ ባና የሚባል ነገር ከቶ አይኖርም።

በሌላ በኩል ደግሞ የሥራው ስም ስለበዛ ብቻ ኑሮው ጸንቷል ማለት ስሕተት ነው። የበልግ ዝናም በቀረ ጊዜ ገብሱ ይጠፋል፤ ግጦሹም ይደርቃል። ሁሉም በጉን በአንድ ቀን ገበያ ስለሚያወጣ ዋጋው ይወድቃል፤ እህል መግዣ ያጣ ሰውም ባና አይገዛምና ሸማኔው ሥራ ይፈታል። በመዝገብ ሦስት የተባለው ሥራ በክፉ ዘመን አንድ ሆኖ ይገኛል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ በሰሜን ሸዋም ላይ የደረሰው መከራ ይህንኑ ያስተማረ ነው። ስለዚህ ሥራው ስንት መሆኑን ከመጠየቅ ጋር በምን ላይ እንደ ተንጠለጠለ መጠየቅ ግድ ነው። የመርሐ ቤቴ ሰው ከደጋው ሌላ በጀማና በወንጪት ሸለቆ አጠገብ ያለውን ቆላ ስለሚያርስ፤ የማሽላው መከር ከደጋው ገብስ ጋር ሁልጊዜ አብሮ አይጠፋም። የመንዝ ሰዎችም የጓሳን መሬት በቄሮ ሥርዓት ለዘመናት ሲጠብቁ የኖሩት፤ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ እስኪፈርስ ድረስ፤ ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ፤ በችግርም ጊዜ ለከብት መጠጊያ እንዲሆን አስበው ነው። ይህ ጥበብ ከማናቸውም ስሌት የቀደመ ነው።

አንድ ሌላ መሳሳቻም አለ። የሰሜን ሸዋ ቍጥር በአንድነት ሲደመር የደብረ ብርሃን ፋብሪካዎች አብረው ይገባሉ። የብርድ ልብሱ፣ የቢራውና በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ በድምሩ ላይ ሲታይ አገሩ ሁሉ በብዙ ሥራ የሚተዳደር ይመስላል። በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌ ወይም በራቤል ዙሪያ ያለው ገበሬ ግን ከዚያ ደመወዝ አይቀበልም። የጎረቤት ሙሉ ጐተራ የራስን አይሞላም።

በ1976፣ በ1987ና በ1999 ዓ.ም. የተደረጉት የሕዝብ ቈጠራዎች፤ ከዚያም በየጊዜው የተካሄዱት የሠራተኛ ኀይል ጥናቶች ታላቅ ጥቅም ሰጥተዋል። ወደፊት የሚደረገው ቈጠራ ደግሞ ሁለተኛውን ሥራ፣ የሥራውን ወራትና የሴቶችን ድካም የሚጠይቅ፤ ውጤቱንም በየወረዳው ለይቶ የሚያሳይ ሊሆን ይገባል። የሱፍ መፍተያ መሣሪያ ወዴት ይላክ፤ የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት የት ይከፈት፤ መንገዱስ በየት በኩል ይጠረግ የሚለው ፍርድ የሚሰጠው በዚህ መዝገብ ነው። በመዝገብ ያልተጻፈ ሥራ ረዳት አያገኝም፤ ረዳት ያጣም ሥራ ቀስ በቀስ ይጠፋል። የሚቈጥረው ሹም በትዕግሥት ቢጠይቅ፤ የሚቈጠረውም ሰው የእጁን ሥራ ሳያፍር ቢናገር፤ የሚጠቀመው ደጋው ብቻ ሳይሆን መላው ኢትዮጵያ ነው።