በሰማንያ ዓመት ዋዜማ ሐሳብ መቀየር

በ1904 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በለንደኑ ሮያል ኢንስቲትዩሽን ንግግር ሊያደርግ የቆመው የፊዚክስ ሊቁ ኧርነስት ራዘርፎርድ ከታዳሚው መካከል ሎርድ ኬልቪንን ሲያይ ክው አለ። ይዞት የመጣው ግኝት ሰማንያ ሊደፍኑ ጥቂት የቀራቸው ሽማግሌ ስለ ምድር ዕድሜ ሲሟገቱለት የኖሩትን ስሌት የሚንድ ነበር። ደግነቱ ኬልቪንን እንቅልፍ ወሰዳቸው። ወሳኙ ነጥብ ላይ ሲደርስ ግን ቀና ብለው በአንድ ዓይናቸው አፈጠጡበት። ራዘርፎርድ ራሱ ኋላ እንደተረከው ወዲያው መላ መጣለት፦ ሎርድ ኬልቪን ያሰሉት «አዲስ የሙቀት ምንጭ ካልተገኘ» ብለው ነውና፣ ሙቀት አመንጪው ሬዲየም እንደሚመጣ አስቀድመው ተናግረዋል አለ። የሽማግሌው ፊት በራ።

በአደባባይ ግን ሐሳባቸውን አልቀየሩም። ከሁለት ዓመት በኋላም በ«ታይምስ» ጋዜጣ ስለ ሬዲየም ይከራከሩ ነበር።

ኬልቪን በ1862፣ አርባ ሳይሞላቸው፣ ምድር ቀዝቅዛ ከጠነከረች ከ20 እስከ 400 ሚሊዮን ዓመት ሆኗታል ብለው ነበር። ጠንቃቃ ግምት ነው። ሰባን ካለፉ በኋላ፣ በ1897፣ ከ20 እስከ 40 ሚሊዮን አጠበቡት። እውነተኛው ቁጥር 4.5 ቢሊዮን ገደማ ነው። መረጃው ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሰፋ የሰውዬው ግምት ወደ ሌላው ጠበበ! በመካከሉ፣ በ1895፣ የቀድሞ ረዳታቸው ጆን ፔሪ የምድር ውስጥ ሙቀት ከታሰበው በተሻለ የሚተላለፍ ከሆነ ስሌቱ እንደሚፈርስ አሳይቷቸዋል። ሊያሳምናቸው ግን አልቻለም።

ጥፋቱን በዕድሜ ማላከክ ይቀላል። የፊዚክስ ሊቁ ማክስ ፕላንክ አዲስ ሐሳብ የሚያሸንፈው ተቃዋሚዎቹ ሲያልቁ ነው ባይ ነበር። ይሁንና በ1978 የታተመ ጥናት የዳርዊንን ሐሳብ የተቀበሉና ያልተቀበሉ የብሪታኒያ ሊቃውንትን አነጻጽሮ፣ ዕድሜ ከልዩነቱ አንድ አሥረኛውን እንኳ እንደማያስረዳ አገኘ። ይልቅ ኬልቪንን የጎዳቸው ዝናቸው ይመስላል። የአትላንቲክ የቴሌግራፍ ገመድ እንዲሳካ የረዱ፣ የሙቀት መለኪያ በስማቸው የተሰየመላቸው ሰው፣ ደጋግመው ልክ ሆነው ኖረዋል፤ ተሳስተዋል የሚላቸውም ጥቂት ነበር።

ጂኦሎጂስቱ ቻርለስ ላየል ዝናም ሽበትም ነበረው። ዝርያዎች ይለወጣሉ ያለውን ላማርክን በታዋቂው መጽሐፉ ሲሞግት የኖረ ሰው ነው። ወዳጁ ዳርዊን በ1859 መጽሐፉን ካወጣ በኋላ ዓመታት አመነታ፤ በ1863 ያሳተመው መጽሐፍ ዳርዊንን አሳዘነው። ሰባ ዓመት ገደማ ሲሆነው ግን በዚያው ታዋቂ መጽሐፉ 10ኛ እትም የዝርያዎችን ለውጥ ተቀብሎ፣ የቀድሞ ክርክሩን እንደገና ጻፈው።