«የቮልሴን ልብ ልቀይርላት ወይስ ልተዋት?»

ይህ ደብዳቤ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት ሆነው። ጸሐፊው የ27 ዓመት ወጣት ነው። ስሙም ሰፈሩም እንዳይነገር አደራ ብሏልና አደራውን ጠብቀናል። ረዘም ያለ ስለሆነ አሳጥሬ ላስነብባችሁ።

«... አባቴ ትቶልኝ ያለፈው አንዲት ቮልስ አለችኝ። 1300 ናት። በልጅነቴ ትምህርት ቤት የተመላለስኩባት ስለሆነች ልሸጣት አንጀቴ እምቢ አለኝ። ዳሩ ግን መሳቂያ አደረገችኝ! ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች ነው። ሚኒባሱ ጥሩምባውን እየነፋ ያልፈኛል፤ ረዳቱ ደግሞ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ 'እንግፋልህ?' ይለኛል። አንድ መካኒክ ሶማሌ ተራ ጥሩ የ1600 ሞተር አይቻለሁ፣ በአንድ ቀን እገጥምልሃለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ማንም አይደርስብህም አለኝ። ገንዘቡ አለ፤ ዕቁብ ወጥቶልኛል። ግን ዕቁቡን የጣልነው ከእጮኛዬ ጋር አብረን ነው፣ ለሠርጋችን ብለን። ለእሷ 'ፍሬን አሠራለሁ፣ ትንሽ ብር ነው' ብያታለሁ። ምን ትመክረኛለህ? ልግጠመው ወይስ ልተወው?»

ውድ ወንድሜ፣ ስለ ፍሬኑ ወሬ ወደ በኋላ እንመጣበታለን። መጀመሪያ መካኒኩን እንስማው። ሰውየው ጨርሶ አልዋሸህም። ሞተሯ በቀላሉ የሚወርድ መኪና ፈልግ ብትባል ከቮልስ የተሻለ አታገኝም። ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር ያጣበቁት አራት ብሎኖች ብቻ ናቸው። የቤንዚኑን ቱቦ፣ የነዳጅ መስጫውን ሽቦ፣ የዲናሞውንና የኮይሉን ገመድ ነቅሎ፣ ክሪክ ከሥር አስገብቶ፣ የለመደ እጅ ከምሳ በፊት መሬት ላይ ያስቀምጠዋል። ራዲያተር የላት፣ ውኃ የላት! የ1600ውም ሞተር እዚያው አራት ቀዳዳ ላይ ይገባል። እስከዚህ ድረስ እውነት ነው።

አንድ ነገር ብቻ አጣራ። ቮልስህ እ.ኤ.አ. ከ1967 በፊት ከተሠሩት 1300ዎች ከሆነች ባለ 6 ቮልት ልትሆን ትችላለች። የእነዚያ ቮላኖ አነስ ያለ ነው። የ1600ው ትልቅ ቮላኖ ካምቢዮው ውስጥ ካልተፋቀለት አይሽከረከርም፤ ሞተሪኖው፣ ባትሪው፣ አምፖሉ ሁሉ ወደ 12 ይለወጣል። «አንድ ቀን» የተባለው ሳምንት የሚሆነው እንግዲህ እንዲህ እንዲህ እያለ ነው።

አሁን «ማንም አይደርስብህም» ወደሚለው እንምጣ። እዚህ ላይ ሰውየው አስቆኛል። 1300ው ፋብሪካ ሲወጣ 40 የፈረስ ጉልበት ነበረው (በኋላ የወጣው 44)። 1600ው ደግሞ 50። ፋብሪካው የሰጣቸው ከፍተኛ ፍጥነት ለአንዱ 120 ገደማ፣ ለሌላው 130 ገደማ ነው። ልዩነቱ ይኸው ነው! ይህም ቢሆን በባሕር ጠለል ላይ የተለካ ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። አየሩ ስስ ነው፤ በካርቡሬተር የሚተነፍስ ሞተር እዚህ ሲደርስ ከጉልበቱ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያጣል። አስላው እስቲ። የ1600ው ሃምሳ ፈረስ ሸገር ላይ አርባ ገደማ ይሆናል። በሌላ አነጋገር በዕቁብ ገንዘብህ የምትገዛው ያባትህ 1300 ጅቡቲ ወደብ ላይ ቢሆን ኖሮ ይሰጥህ የነበረውን ጉልበት ነው። ዳገቱ ላይ ትሻላለች፣ አልክድም፤ ምናልባት በሦስተኛ ማርሽ ትወጣለች። ያ ሚኒባስ ግን ያኔም ያልፍሃል።

ደግሞስ ያንተ 1300 አሁን አርባ ፈረሱ አለው ወይ? ያረጀ ሞተር ግማሹን ጉልበቱን የሚያጣው በቸልታ ነው። ቫልቮላዎቹ ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ 0.15 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሊኖራቸው ይገባል። ለመጨረሻ ጊዜ የተለካው መቼ ነው? የካርቡሬተሩ ጂግለር ለከፍታው ልክ ካልሆነ ቤንዚን በዝቶ አየር ያንሳታል፤ ካንዴላውን ስትፈታው ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ነገሩ ገባህ ማለት ነው። እሳት አሰጣጧ ትክክል ነው? የአራቱም ሲሊንደር ግፊት ተቀራራቢ ነው? አንዱ ብቻ ወርዶ ከተገኘ ዳገቱን ስትወጣ የነበረው በሦስት እግር ነው። ይህ ሁሉ ሥራ ከዕቁቡ ላይ እፍኝ አይሞላም። መካኒክህ ይህን ሳይለካ «ልብ ቀይር» ካለህ፣ ሆስፒታል ሄደህ ሐኪሙ ሳያዳምጥህ ቢላ ቢስል ማለት ነው።

ሌላው ሙቀት ነው። ቮልስ የምትቀዘቅዘው በነፋስና በዘይት ነው። ዘይቷ ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ፤ ያውም ወንፊት እንጂ ፊልትሮ የለውም። ሞተሩን ዙሪያውን የሸፈኑት ቆርቆሮዎችና ቆርቆሮውን ከቦዲው ጋር የሚዘጋው ላስቲክ ለጌጥ የተቀመጡ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ከሥር ያለው ትኩስ አየር ተመልሶ በማራገቢያው እንዳይሳብ የሚያግደው እሱ ነው። በከተማችን ስንቷ ቮልስ ነው ላስቲኩ ተቀዶ ተጥሎ፣ ቆርቆሮው ለቁራሌው ተሸጦ የምትሄደው! በዚያ ላይ በአሮጌዎቹ ሞዴሎች የዘይት ማቀዝቀዣው የቆመው ለሦስተኛው ሲሊንደር የሚሄደውን ነፋስ ከልሎ ነው። ስለዚህ ቀድሞ የሚቃጠለው ሦስተኛው ነው። እዚያ ጎዶሎ ቆርቆሮ ውስጥ የበለጠ የሚሞቅ ሞተር አስገብተህ እንጦጦን በንዴት ብትወጣ ሶማሌ ተራ ደንበኛ ሆነህ መቅረትህ ነው።

አሁን ወደ ፍሬን። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1966 የ1500 ሞተር ያላትን ቮልስ ሲያወጣ ሞተሩ የጨመረው አራት ፈረስ ብቻ ነበር፤ ከ40 ወደ 44። እንዲያም ሆኖ አውሮፓ ውስጥ ለሚሸጡት የፊት እግሩን ከታምቡር ወደ ዲስክ ለወጠው። ለአራት ፈረስ! አንተ አሥር ፈረስ ልትጨምር ነው፤ በአራቱም እግር ታምቡር ይዘህ። የፍሬን ሸራው መቼ እንደተቀየረ ታውቃለህ? የአሮጌዎቹ የፍሬን ፖምፓ ባለ አንድ መስመር ነው። አንዲት ቱቦ ካፈሰሰች አራቱም እግር ባዶ ይሆናል፤ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ይህ እንጦጦ ቁልቁለት ላይ ቢደርስ ከፊትህ ያለው ሽሮ ሜዳ ነው፣ ገበያው፣ ሕዝቡ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ሕፃን።

ኩርባውም አለ። የአሮጌዋ ቮልስ የኋላ እግሮች ከካምቢዮው ግራና ቀኝ እንደ ክንፍ ከፍ ዝቅ የሚሉ ናቸው። ኩርባ ውስጥ ፈጥነህ ገብተህ፣ ደንግጠህ እግርህን ከነዳጅ ብታነሳ ኋላዋ ብድግ ይልና ጎማው ወደ ሥር ይታጠፋል። መኪናዋ ዞራ ወደመጣችበት ታያለች፤ ዕድል ከሌለም ትገለበጣለች። በአርባ ፈረስ ይህ ብዙም አይገጥምህም። በሃምሳ ፈረስና በ27 ዓመት ልብ ግን ... ይቅርብህ።

የቤንዚኑን የጎማ ቱቦ ደግሞ ዛሬውኑ፣ ይህን ጋዜጣ እንዳስቀመጥክ ሂድና በእጅህ እጠፈው። ከተሰነጣጠቀ ቀይረው፣ ጫፎቹንም በደንብ አስጠብቅ። ብዙ ቮልስ የሚቃጠለው ያ ቱቦ ትኩስ ሞተር ላይ ሲያንጠባጥብ ነው።

ወረቀቱንም እናንሳ። ሊብሬህ ላይ የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ተጽፏል። የቮልስ ሞተር ቁጥር ከዲናሞው ማቆሚያ ሥር ብሎኩ ላይ የተቀረጸ ስለሆነ ትራፊክ ፖሊስም ሆነ ነገ የሚገዛህ ሰው ኮፈን ከፍቶ ሊያየው ይችላል። ሻጩ ከየት እንዳመጣው የሚያሳይ ወረቀት ከሌለውና ውል የማይፈርምልህ ከሆነ፣ ሞተሩ የማን እንደነበር አታውቅም። ከመክፈልህ በፊት መንገድ ትራንስፖርት ሄደህ ሞተር ለመለወጥ ምን እንደሚጠይቁ ስማ። ደላላው «ኋላ ይስተካከላል» ቢልህ አትስማው።

እዚህ ላይ ግን አንድ የምወደው መንገድ አለ። የ1300ውና የ1600ው ፒስተን የሚመላለስበት ርዝመት አንድ ነው፣ 69 ሚሊ ሜትር። የሚለያዩት በስፋት ነው፤ 77 እና 85.5። ስለዚህ ያባትህን ሞተር ሳትጥል፣ ብሎኩ ጤነኛ ከሆነ፣ ጥሩ ቶርኖ ቤት የሲሊንደር ቀዳዳዎቹን አስፍቶልህ የ1600 ሲሊንደር፣ ፒስተንና ቴስታታ ሊገባለት ይችላል። ቁጥሩ ያው ያባትህ ቁጥር ሆኖ ይቀራል። (ሲሲው ግን ተለውጧልና ማስመዝገብ አይቀርልህም።) ይህ የሚሆነው ሞተሩ ለሌላ ሥራ በወረደ ጊዜ ነው፤ ኮሎውም ፋሻውም አብሮ ሲታይ። ዛሬ ሞተሩ እየሠራ ለዚህ ብለህ አታውርደው።

መኪናዋን ባለመሸጥህ ግን እደግፍሃለሁ። በ2012 ዓ.ም. በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ኤክሳይስ ታክስ ተጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ መኪና ማስገባት ተከለከለ። ያለችህን ሸጠህ የተሻለች ልግዛ ብትል ዋጋው ያስደነግጥሃል። ያለን መኪና አክሞ መያዝ ጅልነት አይደለም።

እንግዲህ ወደ እጮኛህ። ለእሷ የነገርካትን ቃል መልሰህ አንብበው። «ፍሬን አሠራለሁ፣ ትንሽ ብር ነው።» ወንድሜ፣ ሳታውቀው ትክክለኛውን መልስ የሰጠኸው ለእሷ ነው! የዋሸኸውን እውነት አድርገው። ሸራውን፣ የፍሬን ቱቦዎቹን፣ ፖምፓውን፣ ጎማዎቹን አሠራ፤ ቫልቮላና ካርቡሬተሩን አስለካ፤ ላስቲክና ቆርቆሮዋን አሟላ። የቀረው ገንዘብ፣ ብዙ ይቀርሃል፣ ወደታሰበለት ይመለስ። ግማሹ የእሷ ነው። ወር በወር ከደመወዟ እየቀነሰች የጣለችው ብር ሳትጠየቅ ሞተር ሆኖ ኮፈን ሥር ቢገኝ፣ ዳገቱ ላይ የምታገኘው ጉልበት ቤት ውስጥ ከሚመጣው ነገር ጋር አይመዛዘንም። ስለ 1600ውም ደብቀህ አትቆይ፤ ሐሳቡ እንደነበረህ ንገራት። ምናልባት ትስቅብህ ይሆናል። ረዳቱም ስቆብሃል፣ አልሞትክም።

ፍሬኑ ከተሠራ በኋላ እሷን ከጎንህ አስቀምጠህ እንጦጦ ውጣ፤ ስትመለስ በወጣህበት ማርሽ ውረድ፣ በሁለተኛ። ፍሬኑን አታሙቀው። ከዚያ እንዴት እንደሆነች ጻፍልኝ። የ1600ውን ነገር ከሠርጉ በኋላ ሁለታችሁ ተነጋገሩበት፤ ሶማሌ ተራ እንደሆነ የትም አትሄድም።